ክር ያለ መርፌ

አውቶቡሱ ጉም ውስጥ ከገባ ሁለት ሰዓት ሆኖታል፤ መውጫውን ያገኘው አይመስልም። በመስኮቱ የሚታየው አልፎ አልፎ ብቅ ብሎ የሚጠፋ የመብራት ምሰሶ፣ ሲብስም ግድግዳው ተውጦ ጣሪያው ብቻውን የሚንሳፈፍ ቤት ነው። ከሰባቱ ተማሪዎች ግማሾቹ ተኝተዋል። የተኙት ያንኮራፋሉ፤ የነቁት ደግሞ አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች እየገቡ ማንኮራፋቱን ያጅባሉ። ከዘፋኝ ጋር መንገድ የሄደ ሰው ያውቀዋል፤ እንቅልፍ እንኳ በወጉ አይተኛም።

እነዚህ ልጆች ከአንድ ኮሌጅ የመጡ ናቸው፤ ያለ ምንም መሣሪያ፣ በጉሮሯቸው ብቻ ይዘፍናሉ። ከበሮ የላቸውም፣ ጊታር የላቸውም። ያላቸው መሪያቸው ኪሱ ውስጥ ይዞት የሚዞረው ሁለት ጣት ያለው ብረት ብቻ ነው። ብረቱን ጉልበቱ ላይ መትቶ ጆሮው ሥር ሲያስጠጋው ሁልጊዜ ያንኑ አንድ ኖታ ይሰጠዋል፤ ሌላው ሁሉ ከዚያ ይነሳል። ሹካ ስለሚመስል ልጁንም ሹካ አሉት። እናቱ ያወጣችለትን ስም ዛሬ የሚያስታውሰው ሬጅስትራር ብቻ ነው። ከታች የሚያጉረመርመው ግዙፉ ልጅ ደግሞ ጀነሬተር ይባላል፤ መብራት በጠፋበት ሰፈር ያደረ ሰው ምክንያቱን አይጠይቅም።

ከሾፌሩ ጀርባ አራተኛው ወንበር ላይ ግንባሯን መስኮቱ ላይ ያስደገፈችው ልጅ ክር ትባላለች። ክር ለብቻው ስም አይሆንም፤ ሙሉ የሚሆነው ከመርፌ ጋር ነው። መርፌ የልብ ጓደኛዋ ናት። ያቺ አፏ ስለሚወጋ መርፌ ተባለች፤ ይቺ በሄደችበት ሁሉ ስለምትከተላት ክር ተባለች። ሁለቱም ወፍራሙን የሴት ድምፅ ይይዛሉ። በአንድ ወረቀት ያነባሉ፣ በአንድ ጃንጥላ ይሄዳሉ፣ በቀን ሁለቴ ይጣላሉ። መርፌ ስትገባ ክር ትገባለች፤ በዘፈንም፣ በበርም።

አሁን ክር ባሕር ማዶ ናት፤ መርፌ አገር ቤት ቀርታለች። የቀረችውም ክር ስላስቀረቻት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የጋበዛቸው የውጭ ኮሌጅ የላከው ደብዳቤ «ሰባት ሰው» ይላል። እነሱ ስምንት ናቸው። ቢጽፉለትም፣ ቢለምኑትም፣ ደብዳቤው ሰባት እንዳለ ቀረ። ወፍራም የሴት ድምፅ ሁለት ስለሆነ ከሁለቱ አንዷ ትቅር ተባለ። ማንኛዋ ትቅር? ድምፅ ይሰጥ ተባለ። ሌላ ሰው ቢሆን ወረቀት ቀድዶ ስም ይጽፋል። እነሱ ግን «ወረቀት አይሆንም፣ የእጅ ጽሑፍ ይታወቃል፣ ሰው ይቀያየማል» አሉ። ስለዚህ ሁሉም ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ እንድትሄድ የሚፈልጋት ልጅ ስም ሲጠራ አፉን ዘግቶ «እምም» እንዲል፣ ሹካም ራሱ ሳይመርጥ መሐል ቆሞ እንዲቆጥር ተወሰነ። ምስጢር ነው አሉ! አንዱ የሌላውን የእጅ ጽሑፍ በቅጡ የማያውቁ፣ ትንፋሹን ግን ከደረጃ ሥር ሆነው የሚለዩ፣ የማን ጉንፋን ከማን እንደሚብስ በጆሮ የሚፈርዱ ሰዎች ናቸው ይህን ምስጢር ያሉት። ብልጥ ነኝ ባይ የሚሠራውን ስሕተት ሞኝ አይሠራውም።

ከምርጫው በፊት ሁለቱ ጓደኛሞች ደረጃው ላይ ተቀምጠው ነበር።

«እኔ ለአንቺ እላለሁ፣ አንቺ ለእኔ ትያለሽ» አለች መርፌ። «ከዚያ ማንኛችንም ብንቀር መቀያየም የለም። ተስማማን?»

«ተስማማን» አለች ክር። ያን ጊዜ ከልቧ ነበር።

መጀመሪያ የመርፌ ስም ተጠራ። ሦስት ሰው እምም አለ። ክር አፏን እንደዘጋች ቆመች። ለምን ዝም እንዳልኩ አላውቅም ትላለች፤ እውነቱን እንናገር ከተባለ ግን አሳምራ ታውቃለች፤ መሄድ ፈልጋ ነበር። አውሮፕላን፣ ሌላ ሰማይ፣ ሌላ መንገድ፣ ማንም የማያውቃት ከተማ። ቀጥሎ የእሷ ስም ተጠራ። ሁለት ሰው እምም አለ። ከዚያ በግራዋ በኩል ሦስተኛ ድምፅ፣ ደረቱን ሞልቶ፣ ምንም ሳያመነታ ገባ፤ የመርፌ ነበር። ከዚያ አራተኛ፣ ጉሮሮውን የሚጠርግ የሚመስል ስስ ድምፅ ተሰማ። እሱ የራሷ የክር ነበር።

«አራት ለሦስት» አለ ሹካ።

መርፌ ዞር ብላ አቀፈቻትና «እንኳን ደስ ያለሽ» አለቻት። ክር ያን ጊዜ ነው የደነገጠችው። መርፌ በሕይወቷ እንኳን ደስ ያለሽ ብላ አታውቅም፤ ልደት ላይ እንኳ የምትለው «አረጀሽ» ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለት ወር ሙሉ ስድብ የለም፣ ልግጫ የለም፣ ጥል የለም። «ደህና አደርሽ? ፈተና እንዴት ነበር?» ብቻ ሆነ። አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ መጥታ ሻንጣ ተሸከመችላት፤ «ራስሽን ጠብቂ፣ ይቅናሽ» አለቻት። የክር እናት የተማሪ ዩኒፎርም የሚሰፋበት ቤት ስፌት ላይ ይውላሉ፤ ሃያ ሴት ሃያ ማሽን ላይ ተደርድሮ ሲውል ጥል አይጠፋምና የጥል ነገር ያውቃሉ። «የተጣላሽ ሰው ይሰድብሻል» ይላሉ። «የተወሽ ሰው ግን ይመርቅሻል።» ክር በጉሙ ውስጥ የምታላምጠው ይህን ነው። ጓደኛዋ ትታት ይሆን?

አንድ ማጽናኛ ብቻ ነበራት፤ መርፌ አልሰማችም ይሆናል የሚል። የሌሎቹን የስድስቱንም እምምታ አንድ በአንድ ለይታ የሰማችው ክር፣ የእሷን ማንም አልለየም ብላ አመነች። ሰው ራሱን ሲያታልል የሚመልሰው የለም።

ጉሙ ከተማው ውስጥም ጠበቃቸው። ሁለት ሁለት እየሆኑ በየቤቱ ሲደለደሉ፣ ተራፊዋ ክር ስለሆነች ብቻዋን ለአንዲት ጡረተኛ የትራም ሾፌር ደረሰች። ክር በልቧ እማማ ትራም አለቻቸው። ቤታቸው ሦስተኛ ፎቅ፣ ልክ ሐዲዱ ላይ ነው። ትራም ባለፈ ቁጥር መደርደሪያው ላይ ያሉት ብርጭቆዎች እርስ በርስ ይንሾካሾካሉ። መታጠፊያው ጋ ሲደርስ ደግሞ አሮጊቷ የያዙትን ይዘው፣ ሹራብም ቢሆን፣ ድስትም ቢሆን፣ ቀኝ እግራቸውን ወለሉ ላይ ጫን ያደርጋሉ፤ ሠላሳ ዓመት ፍሬን የረገጠ እግር ጡረታ አይገባውም። የሚግባቡበት ቋንቋ ለሁለቱም የሰው ስለነበረ የሚባባሉት ጥቂት ነው። «ብርድ» ይላሉ እማማ ትራም። «አዎ፣ ብርድ» ትላለች ክር። ከዚያ አብረው መስኮቱን ያያሉ።

ቀኖቹ ተቀላቀሉ። ጠዋት ትምህርት ቤት፣ ቀትር ላይ ቤተ መጻሕፍት፣ ከሰዓት የሆስፒታል ኮሪደር፤ የትኛው ማክሰኞ፣ የትኛው ዓርብ እንደነበር የሚለይ ጠፋ። ሁሉም ነገር ነጭ ጨርቅ የለበሰ ይመስላል። ድልድይ ይጀመራል እንጂ መጨረሻው አይታይም። ሰው ከጉሙ ውስጥ ይወጣል፣ ፈገግ ይላል፣ ተመልሶ ይገባል። ከሩቅ ደወል ይሰማል፣ ከየት እንደሆነ አይታወቅም፤ ክር አንዳንዴ ደወሉን ሰምታው ይሁን አስባው ይጠፋባታል።

ቡድኑ የራሱ ልማድ አለው፤ «ቦታ ማናገር» ይሉታል። አንድ ቦታ ላይ ከመዝፈናቸው በፊት ሹካ አንዴ ያጨበጭባል፤ ሁሉም ዝም ብለው ቦታው ምን እንደሚመልስ ይሰማሉ። መጋረጃ የበዛበት አዳራሽ ይውጠዋል። የመስታወት ጣሪያ ያለው ደረጃ ሦስቴ ይደግመዋል። ጀነሬተር መጸዳጃ ቤቱን ሁሉ አናግሮ «ከዚህ አገር ጥሩ ድምፅ ያለው ሁለተኛ ፎቅ በስተግራ ያለው ነው» ብሎ ነበር። የአገሩ ሰዎች እንግዶቻቸው በየበሩ ለምን እንደሚያጨበጭቡ ስላልገባቸው፣ ባህላቸው ይሆናል ብለው አብረው ማጨብጨብ ጀመሩ።

በስምንተኛው ቀን የጋበዛቸው ኮሌጅ ዘበኛ መዋኛውን ላሳያችሁ አላቸው። ለጥገና ውሃው ተለቅቆ ደርቋል። ከጣሪያው መስታወት የሚገባው ብርሃን ነጭ ነው፤ ግድግዳውና ወለሉ ሰማያዊ ሴራሚክ፣ ጥልቁ ጋ ከየት እንደመጡ የማይታወቁ ጥቂት ደረቅ ቅጠሎች ተኝተዋል። በብረት መሰላሉ አንድ በአንድ ወረዱ። ውሃ ሊኖርበት በሚገባ ቦታ በጫማ መቆም ደስ የሚል ነገር አለው፤ ሰው ሳይሰምጥ የሰመጠ ይመስለዋል። ሹካ አጨበጨበ። መዋኛው አልደገመውም፤ ወሰደው፣ አዞረው፣ ረጅም አድርጎ መለሰላቸው።

«'ዳመነ'ን» አለ ሹካ በሹክሹክታ።

«ዳመነ» መርፌ የሠራችው ዘፈን ነው። ልብስ ያሰጣች እናት ሰማዩን አይታ ጎረቤቱን ስትጣራ፣ ጎረቤት ለጎረቤት ሲያስተላልፍ፣ በመጨረሻም ዝናቡ፣ በከንፈር እየተሠራ፣ ሲመጣ ይሰማበታል። መርፌ ዘፈኑን ስትሠራ ከሌሎቹ ሁሉ የተለየ ነገር አደረገች፤ በክር አስጀመረችው። «አንዴ እንኳ ቅደሚ፣ ሁልጊዜ ከኋላዬ አትንጠልጠዪ» ብላ። ክር ብቻዋን «ዳመነ» ትላለች፤ መርፌ ከሥሯ ትገባለች፤ ከዚያ ሌላው ሁሉ። በዚህ ጉዞ ላይ ከሥሯ የሚገባ የለም። ቦታው ባዶ ሆኖ ይታለፋል፤ ሰሚው አያውቅም፣ እነሱ ግን ሁልጊዜ እዚያ ላይ ትንሽ ይሰናከላሉ።

ክር ጀመረች። ስድስቱ ገቡ። መዋኛው ድምፁን እያነሳ ሲያለብሳቸው፣ ሁሉም ሳይነጋገሩ ቀስ አሉ፤ ኖታው እንዲቆም፣ እንዲጠራ፣ አንዱ በሌላው ላይ በደንብ እንዲቀመጥ። ያን ጊዜ ከታች፣ ከቅጠሎቹ በኩል፣ አንድ ድምፅ መጣ። ማንም ያላለው፣ ሁሉም ግን የሰማው። የመርፌ ኖታ ነበር፤ ባዶው ቦታ ላይ፣ ልክ እሷ በምትገባበት ሰዓት፣ ልክ እሷ በምትይዘው ልክ።

ክር ዘወር ብላ አየች። ሰማያዊ ግድግዳ ብቻ ነው። የተሰማት ደስታ ይሁን ፍርሃት መለየት አቃታት። ለአንድ አፍታ መርፌ እዚህ ያለች፣ ይህ ሁሉ ጉም የመጣው እሷን ደብቆ ለማምጣት የሆነ መሰላት። ዘፈኑ አለቀ፤ መዋኛው ግን ገና አልጨረሰም፤ ለስለስ እያለ፣ እየራቀ ሄደ።

«ትክክል ስንሆን ነው የሚመጣው» አለ ሹካ፤ ዓይኑ ውሃ ሞልቶ ነበር። «ድምፆቹ በደንብ ሲጋጠሙ፣ ሰው ያላለው ኖታ ራሱ ይወለዳል። መጽሐፍ ላይ አንብቤ ነበር፤ ሰምቼው ግን አላውቅም።»

«ምን መጽሐፍ ያስፈልገዋል» አለ ጀነሬተር። «መርፌ ናታ። ቲኬት ሳትቆርጥ መጣች።»

ሁሉም ሳቁ። ክርም ልትስቅ አፏን ከፈተች፤ የሚወጣ ነገር ግን አልነበረም። ጉሮሮዋ ውስጥ የሆነ ነገር በሩን ዘግቶ ተቀመጠ።

ያን ዕለት ከሰዓት የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ ዘፈኑ። ክር በተለመደው ቦታዋ ቆማ አፏን ከፈት ዘጋ ታደርጋለች፤ ድምፅ የለም፣ አሣ ሆነች። «ዳመነ»ን ሹካ ራሱ በቀጭን ድምፁ ጀመረላት። አዛውንቶቹ አጨበጨቡ። አንዲት አሮጊት ግን መጥተው የክርን እጅ ያዙና፣ በማታውቀው ቋንቋ አንድ ነገር ብለው፣ ጉንጯን መታ መታ አደረጉ። ማጽናናት ይመስል ነበር፤ ክር በዚያ ዕለት ማንም እንዲያጽናናት አልፈለገችም። መጽናናት አይገባኝም አለች በልቧ።

በማግስቱ ሹካና ክር የልብስ ማጠብ ተራ ደረሳቸው። ማጠቢያ ቤቱ መንገዱ ማዶ ነው፤ ሳንቲም ይጎርሳል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ያጥባል። የክር እናት የሰፏቸው ሰባት ወይን ጠጅ ሸሚዞች ክቡ መስታወት ውስጥ እየተቃቀፉ ይዞራሉ። ሁለቱ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው እንደ ፊልም ያዩአቸዋል።

«ትናንት ስድስት ነበርን» አለ ሹካ፣ ከመስታወቱ ዓይኑን ሳያነሳ።

«አሞኛል።»

«አላመመሽም። ሲያምሽ ትንፋሽሽ ያፏጫል። ትናንት አላፏጨም።»

ከእንዲህ ዓይነት ሰው ጋር ውሸት አይሠራም። ክር ጣቶቿን አየች፣ ማሽኑን አየች። ከዚያ ሁለት ወር ያነቃትን ነገር ተፋችው።

«ለመርፌ አላልኩም። ቃል ገብቼላት ነበር። እሷ ለእኔ አለች፤ እኔ… ለራሴ ነው ያልኩት።»

«አውቃለሁ» አለ ሹካ።

«ምን?»

«ቆጥሬያለሁ እኮ። ሁላችንም እናውቃለን። ጀነሬተር እንኳ ሰምቶሻል፤ እሱ ከራሱ ድምፅ አልፎ ከሰማ ሌላው እንዴት አይሰማም?»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። ስለራሷ ወሬ የመጨረሻዋ ሰሚ እሷ ነበረች፤ ሁሉም ሰምቶ፣ ሁሉም ዝም ብሎ፣ አብሯት አውሮፕላን ተሳፍሯል። 

«መርፌስ?» አለች፤ መልሱን ግን እየጠየቀች አውቃው ነበር።

«መርፌ አጠገብሽ ነበረች።» ሹካ ብረቱን ከኪሱ አውጥቶ አገላበጠው። «ጥፋቱ የእኔ ነው። ወረቀት ማድረግ ነበረብን።»

ማሽኑ መጭመቅ ጀመረና ወንበሩ ሁሉ ተንቀጠቀጠ። ሹካ እስኪቆም ጠበቀ።

«ነገ የመጨረሻው ነው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ትልቁ አዳራሽ። 'ዳመነ' የአንቺ ነው፤ ትናንት እንዳደረግኩት ዳግም አልጀምርልሽም፣ አያምርም። አንቺ ካልጀመርሽው ከዝርዝሩ አወጣዋለሁ።»

ክር ማሽኑን ከፈተች። ዘፈኑ ከወጣ መርፌ ለሁለተኛ ጊዜ ቀረች ማለት ነው። መጀመሪያ ራሷን አስቀረቻት፣ አሁን ደግሞ ዘፈኗን። እርጥቡን ሸሚዝ አንድ በአንድ ከማሽኑ እያወጣች አጠፈች።

በነጋታው ክር እንቁላሉን ሳትነካው ስትቀር እማማ ትራም ለረጅም ጊዜ አዩዋት። ከዚያ ጣታቸውን ጉሮሯቸው ላይ አድርገው በዓይናቸው ጠየቁ። ክር ራሷን ነቀነቀች፤ ጉሮሮ አይደለም። እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። አሮጊቷ ገባቸው መሰለኝ፤ ተነስተው የግድግዳውን ስልክ አሳዩዋት። ክር የራሷ ስልክ እንዳላት ለማሳየት ብታወጣውም የግድግዳውን መጠቆማቸውን አልተዉም። ደውዪ ማለታቸው ነበር። ከቤቱ ሥር ትራም አለፈ፣ ብርጭቆዎቹ ተንሾካሾኩ፣ እግራቸው ወለሉን ጫን አለ።

ክር ግን የደወለችው ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን አሥራ አምስት ደቂቃ ሲቀረው ነው። ፈሪ ሰው ሁሌም ሰዓት እስኪያልቅ ይጠብቃል። ከመድረኩ ጀርባ ትርፍ ወንበሮች የሚከመሩበት ጠባብ ክፍል ገብታ በሩን ከኋላዋ ዘጋች። በመስኮቱ ጉሙ አሁንም አለ፤ በአዳራሹ በኩል የሰዎች ጉምጉምታ እንደ ሩቅ ውሃ ይሰማል።

መርፌ ከሰዓት ከሰዓት አጎቷ ፎቶ ኮፒ ቤት ትሠራለች። ስልኩ ሲነሳ መጀመሪያ የተሰማው ማሽኑ ነው።

«አቤት ክር» አለች መርፌ። «እንዴት ነሽ? ደህና ነሽ? ብርዱ እንዴት ነው?» ከሩቅ ዘመድ ጋር የምታወራ ትመስል ነበር።

«መርፌ።»

«አቤት።»

«ለአንቺ አላልኩም። በምርጫው ቀን። ለራሴ ነው ያልኩት።»

ማሽኑ አንድ ገጽ አወጣ። ሌላ ገጽ አወጣ። ከዚያ ወዲያ ማዶ የአንድ ሰው ድምፅ «መታወቂያ ነው፣ ፊትና ኋላ፣ ሁለት ሁለት» አለ።

«አንድ ጊዜ» አለች መርፌ። ስልኩ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ተሰማ። ክር መታወቂያው ሲገለበጥ፣ ክዳኑ ሲዘጋ፣ ብርሃኑ ሲንሸራተት፣ ሰውየው «ትንሽ ጠቆር አድርጊው» ሲል ሰማች። አንድ ሕይወት ሙሉ የቆየች መሰላት።

«አውቃለሁ» አለች መርፌ ተመልሳ። ድምፅዋ ተለውጧል፤ ያ የዘመድ ድምፅ ሄዷል። «አጠገብሽ ነበርኩ እኮ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«አንቺስ ለምን ዝም አልሽ?»

ክር ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዋ አዞረች።

«የሆነውን ልንገርሽ» አለች መርፌ። «ስሜ ሲጠራ ትንፋሽ ሳብሽ። ሰማሁሽ። ለዘፈን እንደምትስቢው፣ እስከ ሆድሽ ድረስ። በቃ ልትል ነው አልኩ። ከዚያ ዋጥሽው። ምናለ ባትስቢው ኖሮ? ፈርታ ነው፣ ረስታ ነው፣ ደንግጣ ነው ብዬ ለራሴ አንድ ውሸት አላጣም ነበር። አንቺ ግን ልትዪ ተነስተሽ ነው የተውሽው። እሱ ነው ያቃጠለኝ። ሁለት ወር ሙሉ ያቺ ትንፋሽ ከጆሮዬ አልወጣ አለች። ይሄ ማሽን እንኳ ሲነሳ አንቺን ይመስለኛል።»

ክር ወንበሮቹ መሐል ቁጭ አለች። እንባዋ ዝም ብሎ ይወርዳል። «ይቅርታ» አለች። «መሄድ ፈልጌ ነበር። ሌላ ምክንያት የለኝም። ይቅርታ።»

«በስልክ ይቅርታ አልቀበልም። ስትመጪ እንጣላለን።»

«እ?»

«እንጣላለን። በደንብ። ደረጃው ላይ ቁጭ ብለን። የምልሽን ሁሉ ጽፌዋለሁ፤ ሦስት ገጽ ነው፣ ፊትና ኋላ። ማሽኑም እጄ ላይ ስላለ ኮፒ አድርጌዋለሁ፤ አንዱን ቀድደሽ ብትጥዪ ሌላ አለ።»

ክር ሳቅ ይሁን ልቅሶ ያልለየለት ድምፅ አወጣች።

«ኮንሰርቱ መቼ ነው?» አለች መርፌ።

«አሁን። አምስት ደቂቃ ቀረው። ግን ድምፄ አልወጣ ብሏል። ከትናንት ወዲያ ጀምሮ። 'ዳመነ'ን ሹካ ሊያወጣው ነው።»

ወዲያ ማዶ ማሽኑ ቆመ።

«ምን አልሽ አንቺ?»

«ድምፄ…»

«ስሚ አንቺ ሌባ! ቦታዬን ወስደሽ፣ ባሕር ተሻግረሽ፣ ሸሚዝ ለብሰሽ፣ አፍሽን ዘግተሽ ልትቆሚ ነው? ያንን የወሰድሽብኝን ምኑን ወሰድሽው ታዲያ? መውሰድሽን አንድ ቀን ይቅር እልሽ ይሆናል፤ ወስደሽ ባዶ ብታስቀምጪው ግን ሞቼም አልምርሽ! ተነሽ! ተነስተሽ ዝፈኚ!» ከዚያ ወደ ሌላ ሰው ዞራ «ምን ፈለግክ? አንድ ኮፒ? አንድ ኮፒ ብለህ ነው የምታፈጥብኝ?» ስትል ተሰማና ስልኩ ተዘጋ። ቻው የለም፣ ራስሽን ጠብቂ የለም፣ ይቅናሽ የለም።

በሩ ተከፈተና ሹካ አንገቱን አስገባ። ክር ወንበሮቹ መሐል ተቀምጣ ፊቷ በእንባ ርሷል፤ ጥርሷ ግን አልከደን ብሏል።

«ሌባ አለችኝ» አለችው። «ስመለስ ልንጣላ ነው!»

ሹካ ግራ ገብቶት ትንሽ አያት። ምሥራች ይሁን መርዶ ከቃሏ መለየት አልቻለም፤ ከድምፅዋ ግን ለየ።

«እሺ» አለ። «ላውጣው ወይስ ልተወው?»

«እንዳትነካው።»

መድረኩ ላይ ብርሃኑ ሞቅ ያለ ነው፤ ከብርሃኑ ወዲያ ያለው ሰው አይታይም፤ ሳል ብቻ፣ የወንበር ድምፅ ብቻ። ሰባቱ በግማሽ ክብ ቆሙ። ሹካ ብረቱን ጉልበቱ ላይ መትቶ ጆሮው ሥር አደረገ፤ ኖታውን በጣም ቀስ ብሎ፣ ለእነሱ ብቻ፣ ሰጣቸው። ክር ፊቷን አልጠረገችም፣ ጊዜ አልነበራትም። ሩቅ፣ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ፣ የተናደደች ልጅ ለደንበኛ መልስ እየመለሰች እንደሆነ ታውቃለች። ስትመለስ የሚጠብቃት ነገር አለ፤ ሦስት ገጽ፣ ፊትና ኋላ። ይህን ስታስብ ጉሮሮዋ ውስጥ ተዘግቶ የተቀመጠው ተነስቶ መንገድ ለቀቀ።

«ዳመነ» አለች ክር። መጀመሪያ ብቻዋን ነበረች፤ ከዚያ ስድስቱ ተከተሏት።